ኮንክሪቱ ጠንካራ ነው ማለት ሕንፃው መሬት መንቀጥቀጥን ይችላል ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «ከ22 ዓመት በፊት የተሠራ ጂ+4 ሕንፃ አለኝ። ምድር ቤቱ ሱቅ ነው፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ጀርባውና አንድ ጎኑ ደፍን የብሎኬት ግድግዳ ነው። ከላይ ያሉት አራት ወለሎች መኖሪያ ናቸው። ወለሉ 20 በ10 ሜትር፣ ኮለኖቹ 12፣ እያንዳንዳቸው 30 በ40 ሴንቲሜትር ናቸው። በቅርቡ ከተሰማው ንዝረት በኋላ ግድግዳው ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ስላየሁ ባለሙያ አስጠራሁ። ኮለኖቹን በመለኪያ መዶሻ መታ መታ አድርጎ ‹ኮንክሪቱ ጠንካራ ነው፣ እስከ 7 ሬክተር ይችላል› አለኝ። ሌላው ደግሞ ኮለኖቹን በካርቦን ጨርቅ ማስጠቅለል ይበቃል ይላል። ንዝረቱን ያለ ጉዳት ስላለፈው ሕንፃው ተፈትኖ አልፏል ማለት አይቻልም? የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ ለአሁኑ የሁለቱንም አይስሙ። የመጀመሪያው ያልለካውን ነገር ነግሮዎታል፤ ሁለተኛው ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒት አዟል። ከጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስበው ራስዎ እንደ ዋዛ የጠቀሱት ነገር ነው፤ የምድር ቤቱ ፊት መስታወት፣ ጀርባውና አንድ ጎኑ ግን ደፍን መሆኑ።

«7 ሬክተር ይችላል» የሚባል ሕንፃ የለም። ማግኒቲዩድ፣ በተለምዶ ሬክተር የምንለው ቁጥር፣ የሚነግረን ከመሬት በታች፣ ስብራቱ ባለበት ቦታ የተለቀቀውን ጉልበት ነው፤ ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። ሕንፃው ላይ የሚደርሰው ግን ከመሠረቱ ሥር ያለው መሬት ምን ያህል፣ በምን ፍጥነትና ለስንት ሰከንድ እንደተወዛወዘ ነው፤ ይህም በርቀቱ፣ በጥልቀቱና በአፈሩ ዓይነት ይለያያል። ሩቅ ያለ 7 ቅርብ ካለ 5.5 ያነሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ በሬክተር አይቀመጥም። የሚጠየቀው እንዲህ ነው፦ በዚህ ቦታና በዚህ አፈር ላይ በ50 ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ 10 በመቶ የሆነ፣ ማለትም በአማካይ በ475 ዓመት አንዴ የሚጠበቅ ንዝረት ቢመጣ ሕንፃው ምን ይሆናል? ሰዎቹ በሕይወት ይወጣሉ? ሕንፃው ተጠግኖ ይመለሳል? ወይስ ይደረመሳል?

«ተፈትኖ አልፏል» የሚለውም አያስኬድም። ትንሽ ንዝረትን ያለፈ ሕንፃ ያረጋገጠው ያንን ትንሽ ንዝረት ብቻ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ አለው፤ በግርድፉ ለአንድ ወለል 0.1 ሰከንድ ቢታሰብ የእርስዎ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል። የመሬቱ ንዝረት ከዚህ ጊዜ ጋር ሲገጥም ጉዳቱ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1985 በሜክሲኮ ሲቲ የሆነው ይኸው ነበር፤ የመንቀጥቀጡ መነሻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር፣ ነገር ግን ከተማዋ ያረፈችበት የድሮ ሐይቅ ጭቃ በ2 ሰከንድ ገደማ ስለተወዛወዘ በመካከለኛ ቁመት ያሉ ሕንፃዎች ክፉኛ ሲጎዱ አጠገባቸው የነበሩ አጫጭር ሕንፃዎች ብዙም ሳይነኩ ቀሩ። ያለፈው ንዝረት ለእርስዎ ሕንፃ የሚስማማ ድግግሞሽ ሳይኖረው አልፎ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀጥለው ግን ሊኖረው ይችላል።

ወደ መዶሻው ልምጣ። መሣሪያው የሚለካው የኮንክሪቱን የላይኛውን ገጽ ጥንካሬ ነው፤ በስፕሪንግ የሚወነጨፈው ውስጣዊ መዶሻ ገጹን መትቶ ምን ያህል እንደነጠረ ያነባል። ዕድሜ ያለው ኮንክሪት ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ገጹ ስለሚደድር ንባቡ ከእውነተኛው ጥንካሬ በእጅጉ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን ለማየት አዲስ በተሰበረ የኮንክሪት ጠርዝ ላይ ፊኖልፍታሊን ይረጫል፤ ጤናማው ክፍል ሮዝ ይሆናል፣ የተቀየረው ቀለም አያወጣም። መዶሻው የት ቦታ ከሌላው እንደሚለይ ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ የጥንካሬ ቁጥር ለመስጠት ግን ከኮር ናሙና፣ ማለትም ከኮንክሪቱ በመሰርሰሪያ ተቆርጦ ከሚወጣ ድቡልቡል ቁራጭ፣ ጋር ካልተያያዘ ዋጋ የለውም።

ከዚህም በላይ፣ በአርማታ ሕንፃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሞትን የሚያመጣው ደካማ ኮንክሪት ብቻውን አይደለም፤ የብረቱ አያያዝ ነው። ኮለን በሁለት መንገድ ይሸነፋል። አንደኛው በመታጠፍ ነው፤ ፌሮው ይለጠጣል፣ ስንጥቅ ይታያል፣ ሕንፃው ያዘነብላል፣ ነገር ግን ሸክሙን ተሸክሞ ይቆያል። ሁለተኛው ባለሙያዎች ሸር የሚሉት ነው፤ ኮለኑ በሰያፍ ይቆረጥና ከላይ የተሸከመውን በድንገት ይለቃል። ሁለተኛውን የሚከለክለው ስታፋው፣ ማለትም ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን አቅፎ የሚያስረው ቀጭን ብረት ነው።

ቁጥሩን ልይዝልዎት። በ6 ሚሊሜትር ለስላሳ ብረት፣ በ25 ሴንቲሜትር ርቀት የታሰረ ባለ 30 በ40 ኮለን ውስጥ ስታፋው ሸርን ለመቋቋም የሚያበረክተው 2 ቶን ገደማ ነው። ያው ብረት 8 ሚሊሜትር ሆኖ በ10 ሴንቲሜትር ቢታሰር ወደ 9 ቶን ይጠጋል፤ አራት እጥፍ ተኩል ያህል። ኮንክሪቱ አንድ ዓይነት ነው፣ መዶሻውም አንድ ዓይነት ያነባል፤ አንዱ ኮለን ይታጠፋል፣ ሌላው ይቆረጣል። የስታፋው ጫፍም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮንክሪቱ ልብ ውስጥ የገባ ጫፍ ሽፋኑ ቢረግፍም ይይዛል። በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈው ሽፋኑ ሲረግፍ ይከፈታል፤ ዋናው ፌሮም ወደ ውጭ ይጎብጣል። ሌላው የተለመደ ጉድለት ፌሮው ከወለሉ ልክ በላይ፣ ማለትም መታጠፉ በጣም በሚበረታበት ቦታ፣ አጭር ሆኖ ተደራርቦ መቀጠሉ ነው። ኮለንና ቢም በሚገናኙበት ቋጠሮ ውስጥ ደግሞ ለማሰር ስለሚያስቸግር ስታፋ ጭራሽ ሳይገባ የቀረባቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። ፕላን ላይ ተስሎ መገኘቱ መታሰሩን አያረጋግጥም።

አሁን ወደ ሕንፃዎ ቅርጽ። ከላይ ያሉት አራት ወለሎች ክፍል የሚለዩ የብሎኬት ግድግዳዎች ስላሏቸው፣ መሐንዲሱ በስሌቱ ባያስገባቸውም፣ ግትር ሆነው እንደ አንድ ሣጥን ይንቀሳቀሳሉ። ምድር ቤቱ ግን በአንጻሩ ባዶ ነው። ስለዚህ እንቅስቃሴው ለአምስት ወለል መከፋፈሉ ቀርቶ በአብዛኛው ምድር ቤት ባሉት 12 ኮለኖች ላይ ይወድቃል። ሕንፃው በላይኛው በኩል በድምሩ 8 ሴንቲሜትር ቢሄድና ይህ ለአምስት ወለል ቢከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ ኮለን ከ2 ሴንቲሜትር ያነሰ ይደርሰዋል፤ ምድር ቤቱ ብቻውን ከተሸከመው ግን በ3 ሜትር ቁመት ላይ 2.7 በመቶ ይሆናል። በደንብ ያልታሰረ ኮለን ይህን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1971 በሳን ፈርናንዶ መሬት መንቀጥቀጥ ገና አዲስ የነበረው የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል የተበላሸው በዚህ ዓይነት የታችኛው ወለል ድክመት ነበር።

በዚያ ላይ ግድግዳዎቹ ያሉት በጀርባና በአንድ ጎን ብቻ ነው። ክብደቱ መሃል ላይ ሲሆን ግትርነቱ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል፤ ሕንፃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን በደፍኑ ጥግ ዙሪያ ይሽከረከራል። ከሁሉ በላይ የሚንቀሳቀሰው ከደፍኑ ጥግ በሰያፍ ትይዩ ያለው፣ ሁለቱ ክፍት ጎኖች የሚገናኙበት የማዕዘን ኮለን ነው። ምርመራ ሲጀመር በመጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።

ደረጃ ቤቱንና ከኮለን ጋር ተያይዞ ግማሽ ላይ የቆመ ማንኛውንም ግድግዳ ይዩ። 3 ሜትር ኮለን ላይ 2 ሜትር ግድግዳ ቢገጠም ነፃ የሚቀረው 1 ሜትር ነው፤ ግትርነቱ በቁመቱ ኩብ ስለሚወሰን 27 እጥፍ ይሆናል፣ ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ሸርም ሦስት እጥፍ ያድጋል። እንዲህ ያለ አጭር ኮለን የሌሎቹን ድርሻ ስቦ ይወስድና አስቀድሞ ይቆረጣል። የደረጃ ማረፊያው ቢም ኮለን መሃል ላይ የሚገባበትም ቦታ ያው ነው።

ስለ ስንጥቆቹ ባጭሩ፦ በልስን ላይ ወይም ግድግዳው ከቢምና ከኮለን በሚገናኝበት መስመር የታየ ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሁለት የተለያዩ ነገሮች መላቀቅ ነው፤ ብቻውን አያስፈራም። ግድግዳ ላይ እንደ መስቀል የተሻገረ ሰያፍ ስንጥቅ ግድግዳው ኃይል መሸከሙን ይናገራል። ኮለን ላይ ወይም በቢምና ኮለን ቋጠሮ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ሽፋኑ ረግፎ ፌሮ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ግምገማ ሳይጠበቅ ሕንፃው ይለቀቃል፣ ሶሌታውም (የወለሉ አርማታ) በመሐንዲስ መሪነት ይደገፋል። ይህን ለማየት የኮለኑን ልስን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ልስን ላይ ያለ ስንጥቅ ኮንክሪቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ በተቃራኒው ደግሞ በቀለም የተሸፈነ ሊኖር ይችላል።

ግምገማው በደረጃ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ከውጭ በማየትና በጥቂት ልኬት የሚደረግ ማጣሪያ ነው። በአሜሪካው የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ተቋም (ፌማ) ፒ-154 መመሪያ ለምሳሌ ሕንፃው ነጥብ ይሰጠዋል፤ 2 ነጥብ ማለት በዚያ ቦታ ለሚታሰበው ከባድ ንዝረት የመደርመስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ያህል ነው ማለት ነው፣ ከዚያ በታች የሆነው ወደ ዝርዝር ምርመራ ያልፋል። ሐሰንና ሶዘን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 በኤርዚንጃን፣ ቱርክ የተጎዱ ሕንፃዎችን መሠረት አድርገው ያቀረቡት ሌላ መለኪያ ደግሞ ከእርስዎ መረጃ ብቻ ሊሠራ ይችላል። የሁሉም ወለል ስፋት ድምር 1,000 ካሬ ሜትር ነው። የምድር ቤት ኮለኖች ጠቅላላ ስፋት 1.44 ካሬ ነው፣ መለኪያው የሚወስደው ግማሹን፣ 0.72ን ነው፤ ከ1,000 ሲካፈል 0.072 በመቶ። በርዝመቱ አቅጣጫ የጀርባው ግድግዳ 20 ሜትር ነው፤ ውፍረቱን 20 ሴንቲሜትር ብለን ብንይዝ 4 ካሬ ይሆናል፣ የብሎኬት ግድግዳ የሚታሰበው በአሥረኛው ስለሆነ 0.04 በመቶ። ድምሩ 0.11 በመቶ። በወርዱ አቅጣጫ ደግሞ የ10 ሜትሩ ግድግዳ ብቻ ስላለ 0.09 በመቶ። በዚያ መለኪያ ከ0.25 በመቶ በታች የሆነ ሕንፃ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መካከል ነው። ይህ ቁጥር ሕንፃው ይወድቃል አይልም፤ ሕንፃዎችን በአደጋ ቅደም ተከተል ለመደርደር የተሠራ ነው። ለእርስዎ ግን የሁለተኛው ደረጃ ወጪ አስፈላጊ ስለመሆኑ ጥርጥር አይተውም።

ሁለተኛው ደረጃ መክፈት ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንን ነው። በመጀመሪያ የፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ ኮለኑ ላይ ይነዳል። የፌሮውን ቦታ፣ የስታፋውን ርቀትና የሽፋኑን ውፍረት በጥሩ ሁኔታ ያሳያል፤ የብረቱን ውፍረት ግን በግምት ነው የሚሰጠው፣ የስታፋውን ጫፍ አጣጣፍ ደግሞ ጭራሽ አያሳይም። ስለዚህ በተመረጡ ኮለኖች ከወለሉ ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ገደማ በጠባብ መስመር ሽፋኑ በጥንቃቄ ተነሥቶ፣ ፌሮው በመለኪያ ይለካል፣ የተደራረበበት ርዝመት ይመዘገባል፣ የስታፋው ጫፍ ያለበት ማዕዘን ተፈልጎ ይታያል። ከላይም አንድ ቋጠሮ ይከፈታል። የአውሮፓው ኮድ ዩሮኮድ 8 ክፍል 3 የምርመራውን ጥልቀት በሦስት ይከፍለዋል፦ ከየዓይነቱ የሸካሚ አካላት 20 በመቶ ዝርዝራቸው ታይቶ በየወለሉ አንድ የቁስ ናሙና፣ 50 በመቶና ሁለት ናሙና፣ 80 በመቶና ሦስት ናሙና። ባነሰ ዕውቀት የሠራ የቁሱን ጥንካሬ ለ1.35 ያካፍላል፣ በመካከለኛው ለ1.2፣ በሙሉው ለ1። ስለዚህ ለምርመራ የሚቆጠበው ገንዘብ ኋላ ላይ በማጠናከሪያ ወጪ ይመለሳል፤ መካከለኛው ለእርስዎ ሕንፃ ይስማማል።

ኮር ሲወጣ ሦስት ነገር ይጠበቅ። ቦታው አስቀድሞ በፌሮ መፈለጊያ ይታይ፤ ዋና ፌሮ የቆረጠ ኮር ኮለኑንም ናሙናውንም ያበላሻል። ከኮለን ከተወሰደ በቁመቱ መሃል አካባቢ ይሁን፣ መታጠፉ እዚያ ትንሽ ነውና። የናሙናው ውፍረት ቢያንስ ከትልቁ ጠጠር ሦስት እጥፍ ይሁን፤ 10 ሴንቲሜትር የተለመደ ነው። ቀዳዳው በዚያው ቀን በማይኮማተር ግራውት (በሚፈስ የሲሚንቶ ድብልቅ) ይሞላ። ከዚህ ጋር አንድ የመሠረት ጉድጓድ ተቆፍሮ የፉቲንጉ (ከኮለኑ ሥር ያለው የመሠረት አርማታ) ስፋትና ጥልቀት፣ የአፈሩም ዓይነት ይታይ፤ መሠረቱ ሳይታይ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ሐሳብ ሁሉ ግማሽ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ስሌት ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ ግድግዳዎቹ እንደ ክብደት ብቻ ገብተው ሕንፃው ባዶ ፍሬም ተደርጎ ይሰላል። እንዲህ ሲሆን የእርስዎ ምድር ቤት ከሌላው ወለል ብዙም አይለይም፤ ችግሩ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ከሕንፃው ግን አይጠፋም። ስሌቱ አንዴ ግድግዳዎቹን እንደ ሰያፍ ደጋፊ አስገብቶ፣ አንዴ ያለ እነሱ ይሠራ፤ የከፋው ይወሰድ። ለእንዲህ ያለ ሕንፃ ፑሽኦቨር የሚባለው፣ ሕንፃውን ቀስ በቀስ ወደ ጎን እየገፋ የትኛው አካል መቼ እንደሚሸነፍ የሚያሳየው ዘዴ ጠቃሚ ነው። ገደብም አለው፤ መሽከርከር የሚያጠቃውን ሕንፃ በሁለት አቅጣጫ ብቻ መግፋት እውነቱን ያሳንሳል፣ ስለዚህ በሦስት አቅጣጫ ሞዴልና ሕንፃው ለተለያየ የንዝረት ድግግሞሽ የሚሰጠውን ምላሽ በሚያሰላ የስፔክትረም ትንተና መደገፍ አለበት። የትኛውም ስሌት የሚመጣውን ንዝረት አስቀድሞ አያውቅም። የመጨረሻው ቁጥር ይሳሳታል፤ የሽንፈቱ ቅደም ተከተል ግን በአብዛኛው ይታመናል፣ ለውሳኔም የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ሪፖርት ሲቀበሉ «ሕንፃው ደህና ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቀበሉ። የትኛው የንዝረት ደረጃ እንደተወሰደ፣ ሕንፃው በዚያ ደረጃ ነዋሪን ያተርፋል ወይስ ከመደርመስ ብቻ ይድናል፣ መጀመሪያ የሚሸነፈው የትኛው ኮለን በምን መንገድ እንደሆነ፣ ከገቡት ቁጥሮች የትኛው ተለክቶ የትኛው ተገምቶ እንደተወሰደ በግልጽ ይጻፍ።

ስለ ካርቦን ጨርቁ፦ ራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ስታፋ ላነሰው ኮለን የሸር አቅም ይጨምራል፣ ኮንክሪቱንም አቅፎ ይይዛል። ግትርነት ግን ከሞላ ጎደል አይጨምርም። ምድር ቤቱ ከላይኛው ወለል እንደለሰለሰ፣ ሕንፃውም እንደተሽከረከረ ይቀራል። በአራት ማዕዘን ኮለን ላይ ደግሞ ጠርዞቹ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ያህል ካልተድቦለቦሉ ጨርቁ ጠርዙ ላይ ይቆረጣል፤ ማጣበቂያው በእሳት ስለሚለሰልስ መሸፈኛም ይፈልጋል። ኮለኖችን በአዲስ ኮንክሪት ማወፈር ግትርነት ይጨምራል፣ ነገር ግን አዲሱ ፌሮ ሶሌታውን በስቶ ካላለፈና መሠረቱ ውስጥ ካልተተከለ መታጠፉ በሚበረታበት ቦታ ላይ አይረዳም። የአንድ ወለል ኮለኖችን ብቻ ማወፈር ድክመቱን ወደ ቀጣዩ ወለል ሊያሻግር ይችላል።

ለእርስዎ ቅርጽ የሚመጥነው፣ ምርመራው ሌላ ካላሳየ በቀር፣ የአርማታ ሼር ዎል፣ ማለትም የጎን ኃይልን የሚቋቋም ደፍን የአርማታ ግድግዳ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በተለይ ክፍት በሆኑት በፊቱና በሁለተኛው ጎን፣ ከመሠረት እስከ ጣሪያ። የፊቱን መስታወት በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም፤ በሁለቱ ጫፍ ባሉ የኮለን ክፍተቶች ውስጥ የሚገባ ግድግዳ ሱቁን ክፍት ይተዋል። ከባዱ ሥራ ግን ከመሬት በታች ነው። ሼር ዎል ኃይሉን ስለሚሰበስብ አንዱ ጫፉ ወደ ላይ ሊነሣ ይፈልጋል፤ የድሮውን ፉቲንግ ማስፋትና ማያያዝ ካልተቻለ ግድግዳው ለስም ነው የሚቆመው። ከላይ ደግሞ አዲሱ ኮንክሪት ሲኮማተር ከቢሙ ሥር ክፍተት ይተዋል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች በማይኮማተር ግራውት ካልተሞሉ ግድግዳውና ቢሙ አይያያዙም።

የምመክርዎት ይህን ነው፦ ለመዶሻ ምርመራ ዳግም አይክፈሉ፤ ጨርቁንም አይዘዙ። የማጠናከሪያ ሥራ የማይሸጥ ስትራክቸራል መሐንዲስ ይቅጠሩና ውሉ ላይ መካከለኛውን የምርመራ ደረጃ፣ የሚከፈቱትን ኮለኖች ብዛትና የመሠረት ጉድጓዱን ያስጽፉ። ከሁለት ክፍት ጎኖች ማዕዘን ይጀመር፤ እዚያ በ25 ሴንቲሜትር የታሰረና በ90 ዲግሪ የታጠፈ ስታፋ ከተገኘ ስሌቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ የማጠናከሪያውን ዲዛይን ያስጀምሩ። እስከዚያው ድረስ ማንም ተከራይ ሱቅ ለማስፋት ግድግዳ አያፍርስ፣ ኮለን አይጥረብ፣ ቢም አይብሳ። ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር በብረት ይታሰር፤ ከመግቢያው በላይ ያለው ፓራፔትም (የጣሪያው ጠርዝ አጭር ግድግዳ) ያልታሰረ ከሆነ ይታሰር ወይም ይነሣ፤ ሕንፃው ቢቆም እንኳ ወደ ውጭ የሚሮጥ ሰው ላይ የሚወድቀው እሱ ነው።